የፍላሽ ቺፕ ድምሰሳ ለምን አላልቅ ይላል? ስለ ደቻቱ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ከድሬዳዋ የመጣ ነው። አሳጥሬ ሳቀርበው እንዲህ ይላል፦ «ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ በደቻቱ ወንዝ የላይኛው ክፍል የሚተከል የውኃ ከፍታ መለኪያ እየሠራሁ ነው። መሣሪያው በየሰከንዱ 16 ባይት ይመዘግባል፤ ውኃው ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ ደግሞ አስቀድሞ የተቀዳ ማስጠንቀቂያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ በድምፅ ማጉያ ያሰማል። መዝገቡም ድምፁም የሚቀመጡት በአንድ 16 ሜጋባይት የኤስፒአይ ፍላሽ ቺፕ (ኃይል ቢጠፋም መረጃ የማይጠፋበት፣ በጥቂት ሽቦ የሚገናኝ የማስታወሻ ቺፕ) ላይ ሲሆን፣ ማይክሮኮንትሮለሩ (መሣሪያውን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር) 20 ኪሎባይት ራም አለው። ቺፑ 64 ኪሎባይት ብሎክ ሲደመስስ ድምፁ ስለሚቆራረጥ ሰስፔንድ የሚባለውን የማገጃ ትእዛዝ ተጠቀምኩ። በሰከንድ 16,000 ጊዜ በሚነሳ ኢንተራፕት (ዋናውን ፕሮግራም ለአፍታ አቋርጦ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) ውስጥ ድምሰሳውን አግዳለሁ፣ 10 ማይክሮሰከንድ እጠብቃለሁ፣ አንድ ባይት ድምፅ አነባለሁ፣ ከዚያ አስቀጥላለሁ። አሁን ድምሰሳው አንዳንዴ ከናካቴው አያልቅም፤ አንዳንዴ ደግሞ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ አለቀ ይለኛል፣ ሳየው ግን አሮጌው መረጃ እንዳለ ነው። መብራት ከጠፋ በኋላም የተበላሸ መዝገብ አገኛለሁ። ቺፑን ከገበያ ስለገዛሁት ሐሰተኛ ይሆን? ወይስ እገዳው ራሱ ጨርሶት ነው? ሦስት ቦርድ በይጄ ስለጨረስኩ ቺፕ ሳልለውጥ የሚሆን መፍትሔ እፈልጋለሁ።»

የገለጹት ምልክት ቺፑ ሐሰተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ጤነኛ ቺፕም በዚህ ዓይነት ትእዛዝ ሲዋከብ ያንኑ ጠባይ ያሳያል። በፕሮግራምዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች አሉ፤ መነሻቸው ግን አንድ ነው። ሰስፔንድን የተመለከቱት እንደ ካሴት ማቆሚያ ነው፤ ሲጫኑት ባለበት የሚቆም፣ ሲለቁት ምንም ሳያጎድል ካቆመበት የሚቀጥል ነገር አድርገው ወስደውታል። ይህ አስተሳሰብ የት ላይ እንደሚሳሳት ለማየት ግን በመጀመሪያ ቺፑ ሲደመስስ በውስጡ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በፍላሽ ውስጥ እያንዳንዱ ቢት የሚቀመጠው፣ በዙሪያዋ ሁሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ኦክሳይድ ተከብባ በተንጠለጠለች እጅግ ትንሽ በር ላይ ነው። በሯ ኤሌክትሮን ከያዘች ቢቱ 0 ሆኖ ይነበባል፤ ኤሌክትሮኑ ከወጣላት 1 ይሆናል። መጻፍ ማለት ከ1 ወደ 0 ማውረድ ሲሆን ይህ ለአንድ ባይት ለብቻው ሊደረግ ይችላል፤ ከ0 ወደ 1 መመለስ ግን የሚቻለው በድምሰሳ ብቻ ነው። ኤሌክትሮኑ 10 ናኖሜትር የሚጠጋውን ኦክሳይድ ሰርጎ እንዲወጣ ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ያስፈልጋል፤ ይህም መስክ ሴሎቹ (ቢቶቹን የሚይዙት ክፍሎች) በጋራ በተቀመጡበት መደብ ላይ ስለሚዘረጋ አንዱን ሴል ከጎረቤቱ ነጥሎ መደምሰስ አይቻልም። እርስዎ በሚጠቀሙበት ዓይነት ቺፕ ላይ ትንሹ የድምሰሳ ክፍል፣ ሴክተር የሚባለው፣ 4 ኪሎባይት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ ይህን አሠራር በ1984 ለሙያው ዓለም ሲያቀርብ ትልቁ ነገር ይኸው የጅምላ ድምሰሳ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ኢፒሮም የሚባሉት ቺፖች በመስታወት መስኮታቸው በኩል በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለደቂቃዎች ተይዘው ነበር የሚደመሰሱት።

ቺፑ የሚቀበለው 3.3 ቮልት ነው፤ ለድምሰሳ የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ቮልቴጅ በውስጡ ባለው የቮልቴጅ ማሳደጊያ ዑደት ራሱ ያመርታል። የድምሰሳ ትእዛዝ ሲደርሰው የውስጥ ተቆጣጣሪው ተከታታይ ሥራ ይጀምራል። አስቀድሞ በሴክተሩ ውስጥ ያሉትን ሴሎች ሁሉ ወደ 0 ያወርዳል፤ ይህን የሚያደርገው ቀድሞውንም 1 የነበሩት ከሌሎቹ ጋር አብረው ሲደመሰሱ ከልክ በላይ እንዳይራቆቱ ነው። ቀጥሎ ከፍተኛውን ቮልቴጅ በምት በምት እየሰጠ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ሴሎቹ በበቂ ሁኔታ መደምሰሳቸውን ይፈትሻል፤ አንድ ሴል እንኳ ከቀረ ሌላ ምት ይጨምራል። በመጨረሻም ከልክ በላይ የተደመሰሱትን ሴሎች ለይቶ በቀላል ጽሕፈት ወደ ቦታቸው ይመልሳል፤ እነዚህ ካልተስተካከሉ በተመሳሳይ መስመር ላይ ያሉ ሌሎች ሴሎች ሲነበቡ በፍሳሻቸው ንባቡን ያበላሻሉ። ስለዚህ የ4 ኪሎባይት ሴክተር ድምሰሳ በአብዛኛው 45 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ እስከ 400 ሚሊሰከንድም ሊዘልቅ ይችላል፤ የ64 ኪሎባይት ብሎክ በአብዛኛው 150 ሚሊሰከንድ፣ ቢበዛ 2 ሰከንድ ይወስዳል። እነዚህ ቁጥሮች በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የዊንቦንድ 25 ኪው ተከታታይ የ16 ሜጋባይት ቺፕ የሚሰጣቸው ናቸው። የእርስዎ ከሌላ አምራች ከሆነ የራሱን ዳታሺት (አምራቹ የሚያወጣውን የቺፑን የመረጃ ሰነድ) ይመልከቱ፤ የማመዛዘኛው መንገድ ግን ያው ነው።

የሰስፔንድ ትእዛዝ ሲደርሰው ተቆጣጣሪው እጁን እንዲሁ አንሥቶ አይሄድም። የያዘውን ምት ወይ ይጨርሳል ወይ ያቋርጣል፣ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ከመስመሮቹ ላይ ያወርዳል፣ የት እንደደረሰ ይመዘግባል፣ ከዚያ በኋላ ነው የንባብ ዑደቱን ለተጠቃሚው የሚከፍተው። በጠቀስኩት ቺፕ ላይ ይህ እስከ 20 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። የማስቀጠያ ትእዛዝ ሲመጣ ደግሞ ቮልቴጁ እንደገና መገንባት አለበት፤ የተቋረጠው ምትም እንደ ቺፑ አሠራር ከመጀመሪያው ሊደገም ይችላል። ምጣዱ ሊግል ሲል ከእሳት የሚያወርድ፣ መልሶም የሚጥድ ሰው ቀኑን ሙሉ እንጨት ቢማግድ አንድ እንጀራ አያወጣም። የእርስዎ ፕሮግራም በቺፑ ላይ እያደረገ ያለው ይህንኑ ነው።

በሰከንድ 16,000 ጊዜ ማለት በየ62.5 ማይክሮሰከንዱ አንድ እገዳ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የጠበቁት 10 ማይክሮሰከንድና ንባቡ የሚወስደው ሁለት ሦስት ማይክሮሰከንድ ሲቀነስ ለድምሰሳው የሚቀረው 50 ማይክሮሰከንድ ያህል ነው፤ የአንድ የድምሰሳ ምት ርዝመት ግን ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በሚሊሰከንድ ነው። ዳታሺቱ ከማስቀጠል በኋላ ዳግም ለማገድ ቢያንስ 20 ማይክሮሰከንድ ይለፍ ይላል፤ እርስዎም ከዚያ በላይ ስለጠበቁ ደንቡን ያከበሩ መስሎዎታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያ ቁጥር ትእዛዙ ተቀባይነት የሚያገኝበትን ጊዜ እንጂ ሥራው ወደፊት የሚራመድበትን ጊዜ አያመለክትም። አንዳንድ አምራቾች ሁለቱን ለያይተው ያሰፍራሉ፤ ትእዛዙን ለመቀበል ጥቂት ማይክሮሰከንድ በቂ እንደሆነ ገልጸው፣ ድምሰሳው እንዲያልቅ ግን በእገዳና በእገዳ መካከል ከ100 እስከ 400 ማይክሮሰከንድ አካባቢ መስጠት እንደሚያስፈልግ ያክላሉ። በዳታሺትዎ ላይ ሁለተኛው ቁጥር ከሌለ የለም ማለት ሳይሆን አልተነገረም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሲያቅዱ በሚሊሰከንድ ያስቡ።

ሁለተኛው ምልክት፣ ማለትም ድምሰሳው አለቀ ተብሎ አሮጌው መረጃ መገኘቱ፣ ከዚህ የተለየ ምክንያት አለው፤ እኔ ይበልጥ አደገኛ የምለውም እሱን ነው። ቺፑ ሁለት የሁኔታ ቢቶች አሉት፤ አንዱ ሥራ ላይ መሆኑን ይነግራል፣ ሌላው ሥራው ታግዶ መቆየቱን። ድምሰሳ ሲታገድ የሥራ ቢቱ ወደ 0 ይመለሳል፤ የእገዳ ቢቱ ደግሞ 1 ይሆናል። የሥራ ቢቱን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም በታገደና ባለቀ ድምሰሳ መካከል ልዩነት ማየት አይችልም። እርስዎ ደግሞ ቺፑን ሳያውቁት ታግዶ እንዲቀር የሚያደርግ ነገር አለዎት፤ ይኸውም ያ የ10 ማይክሮሰከንድ ቆይታ ነው።

ቅደም ተከተሉን እንከተለው። የእገዳ ትእዛዝ ይልካሉ፤ ቺፑ እስኪታገድ እስከ 20 ማይክሮሰከንድ ሊፈጅበት ይችላል። እርስዎ ግን በ10ኛው ማይክሮሰከንድ አንብበው በ12ኛው ወይም በ13ኛው የማስቀጠያ ትእዛዝ ይልካሉ። በዚያች ቅጽበት ቺፑ ገና ሥራ ላይ ስለሆነና የእገዳ ቢቱም ስላልተነሳ የማስቀጠያ ትእዛዙን አይቀበለውም፤ ትእዛዙ ሳይሰማ ያልፋል። ከጥቂት ማይክሮሰከንድ በኋላ ግን እገዳው ይጸናል፤ የሚያስቀጥለው ግን የለም። ዋናው ፕሮግራምዎ በዚህ መካከል የሥራ ቢቱን ሲጠይቅ 0 ያገኛል፤ አለቀ ብሎ ገና ሳይደመሰስ በቆመው ብሎክ ላይ መጻፍ ይጀምራል። በታገደ ክፍል ላይ መጻፍ አይፈቀድም፤ ከዚያ የሚነበበውም ዋስትና የለውም። በተጨማሪም በ10ኛው ማይክሮሰከንድ ያነበቡት የድምፅ ባይት ራሱ ቺፑ ሥራ ላይ እያለ የተነበበ ሊሆን ስለሚችል እውነተኛ ድምፅ ላይሆን ይችላል። ድምፁ ላይ የሚንጫጫ ነገር ሰምተው ከሆነ የድምፅ ማጉያውን ከመጠርጠርዎ በፊት ይህን ይጠርጥሩ።

ማስተካከያው፣ ሰስፔንድን መጠቀም ግድ የሚልበት ሰው ካለ፣ ቆይታን በግምት አለማድረግ ነው። ከእገዳ ትእዛዝ በኋላ የሥራ ቢቱ 0 እስኪሆን መጠበቅ፣ ከዚያ የእገዳ ቢቱን ማየት፣ 1 ከሆነ አንብቦ ማስቀጠል፣ 0 ከሆነ ደግሞ ድምሰሳው እገዳው ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ እንዳለቀ አውቆ የማስቀጠያ ትእዛዝ አለመላክ ያስፈልጋል። አለቀ የሚባለውም ሁለቱም ቢቶች 0 ሲሆኑ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ ዋናው ፕሮግራም የሁኔታ ቢት እየጠየቀ ሳለ ኢንተራፕቱ መሐል ገብቶ በዚያው የኤስፒአይ መስመር ሌላ ትእዛዝ ከላከ ሁለቱ ትእዛዞች ይደበላለቃሉ። መስመሩ በአንድ ጊዜ አንድ ባለቤት ብቻ ይኑረው። ሙሉውን ቺፕ የሚደመስሰው ትእዛዝ በዚህ ተከታታይ ላይ ፈጽሞ እንደማይታገድም ይወቁ፤ በአብዛኛው 40 ሰከንድ፣ ቢበዛ 200 ሰከንድ ስለሚወስድ በሥራ ላይ ባለ መሣሪያ ውስጥ ቦታ የለውም።

እገዳው ቺፑን ጨርሶት ይሆን ወይ ብለው ለጠየቁት፣ በእርስዎ አጠቃቀም ስለ ድካም የሚያሳስብ ነገር የለም። አምራቹ ለእያንዳንዱ ሴክተር ቢያንስ 100,000 ድምሰሳ ቃል ይገባል። በየሰከንዱ 16 ባይት የሚጽፍ መሣሪያ አንድ የ4 ኪሎባይት ሴክተር የሚሞላው በ256 ሰከንድ ነው፤ ለመዝገብ 8 ሜጋባይት ቢመደብና እየዞረ ቢጻፍበት እያንዳንዱ ሴክተር የሚደመሰሰው በስድስት ቀን አንድ ጊዜ ገደማ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት 100,000 ለመድረስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ድምሰሳ እየተቋረጠ በሚደገምበት ጊዜ ሴሎቹ ከቆጠራው ውጭ ተጨማሪ ጫና እንደሚያገኙ አልክድም፤ ነገር ግን ለጥቂት ሳምንታት የሞከሩበት ቺፕ በዚህ ተበላሽቷል ብዬ አላምንም። ሐሰተኛ መሆኑን ለማጣራት ከፈለጉ ሰስፔንድን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ሁሉንም ሴክተር ደምስሰው፣ በእያንዳንዱ ላይ የራሱን ቁጥር ጽፈው መልሰው ያንብቡ። ከተጻፈበት መጠን ያነሰ አቅም ያለው ቺፕ በዚህ ፈተና ራሱን ያጋልጣል፤ አንዳንዱ ሴክተር የጻፉበትን ሳይሆን ሌላ ቁጥር ይመልሳል።

የመብራት መጥፋቱ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ድምሰሳ ታግዶ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ቺፑ እንደገና ሲነሳ እገዳውን አያስታውስም፤ የእገዳ ቢቱ 0 ሆኖ ይነሳል፣ ሴክተሩ ግን በመንገድ ላይ እንዳለ ቀርቷል። የእርስዎ ፕሮግራም ከሞላ ጎደል ጊዜውን ሁሉ በእገዳና በማስቀጠል መካከል ስለሚያሳልፍ ኃይል በጠፋ ቁጥር አንድ ብሎክ ግማሽ መንገድ ላይ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ግማሽ የተደመሰሰ ሴክተር ሁልጊዜ የተበላሸ መስሎ አለመታየቱ ነው። ኤሌክትሮናቸው በከፊል የወጣላቸው ሴሎች በ0ና በ1 ድንበር ላይ ይቆማሉ፤ ዛሬ ሁሉም 1 ሆነው ይነበባሉ፣ ነገ የሙቀት ወይም የቮልቴጅ ለውጥ ሲመጣ አንዳንዶቹ ወደ 0 ያዘነብላሉ።

ይህን እኔ ራሴ ሐረር ውስጥ ለክትባት ማቀዝቀዣ የሙቀት መዝጋቢ በሠራሁ ጊዜ ነው የተማርኩት። መሣሪያው ሲነሳ ባዶ የሚመስለውን ሴክተር ሁሉ የተደመሰሰ ነው ብዬ እቀበል ነበር። ከሳምንታት በኋላ አንዳንድ መዝገቦች የማይሆን የሙቀት ቁጥር ይዘው መጡ፤ ቺፑን ለውጬም አልጠፋም። ጥፋቱ ያለው መብራት በተቋረጠበት ደቂቃ በመደምሰስ ላይ በነበሩት ሴክተሮች ውስጥ ብቻ መሆኑን ያየሁት ሰዓቱን ከመብራት መጥፊያ ጊዜ ጋር ሳነጻጽር ነው። ባዶ መምሰልና መደምሰስ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልዘነጋሁም፤ ለክትባት የዋለ መዝገብ ስለነበረም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ሴክተር ተደምስሶ ሁለቱም ቢቶች 0 መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ባይቶች ላይ የማረጋገጫ ምልክት፣ ተከታታይ ቁጥርና የማመሳከሪያ ድምር (መረጃው አለመበላሸቱ የሚፈተሽበት ቁጥር) ይጻፉ። መሣሪያው ሲነሳ ትክክለኛ ምልክት የሌለውን የመዝገብ ሴክተር፣ ሙሉ በሙሉ ባዶ ቢመስልም እንኳ፣ እንደገና ይደምስሰው። ለእያንዳንዱ የ16 ባይት መዝገብም የራሱ ማመሳከሪያ ይኑረው፤ ኃይሉ በድምሰሳ ላይ ብቻ ሳይሆን በጽሕፈት መካከልም ሊቋረጥ ይችላልና።

በካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጊዜው በሚያጠራቅም አካል) ኃይሉን ለማቆየት ማሰብዎ አይቀርም፤ እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳ በስሌት ላሳይ። ቦርዱ 50 ሚሊአምፔር የሚወስድና ከ5 ቮልት እስከ 3.6 ቮልት ድረስ መሥራት የሚችል ቢሆን፣ ለተለመደው 45 ሚሊሰከንድ 1,600 ማይክሮፋራድ ያህል ይበቃል፤ ባለ 2,200 ካፓሲተር ያሠራል። በጣም ለዘገየው 400 ሚሊሰከንድ ግን ከ14,000 ማይክሮፋራድ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ካፓሲተሩን ያስገቡ፣ ብዙውን አደጋ ይቀንሳል፤ ምልክቱን ግን በእሱ ምክንያት እንዳይተዉት።

አሁን ወደ አማራጮቹ። ሰስፔንድን ይዘው መቀጠል ከፈለጉ አንድ ባይት ሳይሆን 512 ባይት በአንድ ጊዜ ያንብቡ። ይህ የ32 ሚሊሰከንድ ድምፅ ነው፤ በ20 ሜጋኸርዝ መስመር ላይ ንባቡ ወደ 200 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። እገዳው በሰከንድ ከ16,000 ወደ 31 ይወርዳል፣ ድምሰሳውም ከ99 በመቶ በላይ የሆነውን ጊዜ ለራሱ ያገኛል። ራሙ 2 ኪሎባይት ብቻ ለሆነ ማይክሮኮንትሮለር ይህ ጥሩ መንገድ ነው። በአንዱ ክፍል ሲደመስሱ ከሌላው ማንበብ የሚያስችሉ ባለብዙ ክፍል ቺፖችም አሉ፤ ነገር ግን እርስዎ ቺፕ መለወጥ ስለማይፈልጉ በዚህ ላይ አልቆይም። ስለ ስልክና ስለ ሚሞሪ ካርድ የተጻፈ ምክር ካነበቡም ይጠንቀቁ፤ እነዚያ ናንድ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ፍላሽ የሚጠቀሙ ሲሆን የእርስዎ ቺፕ ኖር ነው፤ የጊዜ ቁጥሮቻቸው አይመሳሰሉም።

የእኔ ምክር ግን ሰስፔንድን ከፕሮግራምዎ ሙሉ በሙሉ እንዲያወጡት ነው። ለእርስዎ ሥራ አያስፈልግም። ድምፁ በሰከንድ 16,000 ባይት ስለሚበላ 8 ኪሎባይት ባፈር (በራም ውስጥ የሚዘጋጅ ጊዜያዊ ማከማቻ) ከግማሽ ሰከንድ በላይ፣ በትክክል 512 ሚሊሰከንድ፣ ያስኬደዋል። የ4 ኪሎባይት ሴክተር እጅግ ቢዘገይ የሚፈጀው 400 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ባፈሩ ሲሞላ ብቻ ድምሰሳ ከጀመሩ ድምፁ ሳይቋረጥ ድምሰሳው ያልቃል፤ ባፈሩን መልሶ ለመሙላት ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊሰከንድ ይበቃል። የ64 ኪሎባይት ድምሰሳን ይተዉት፤ እስከ 2 ሰከንድ ለሚዘልቅ ሥራ 32,000 ባይት ባፈር ስለሚያስፈልግ 20 ኪሎባይት ራምዎ አይችለውም። በድምሩ ሲታይ 16 ትንንሽ ድምሰሳዎች ከአንድ ትልቅ ድምሰሳ የበለጠ ጊዜ እንደሚወስዱ አውቃለሁ፤ እርስዎን የሚጎዳዎት ግን የድምሩ ርዝመት ሳይሆን የአንዱ መቋረጥ ርዝመት ነው።

ከዚህም በላይ የሚጠቅመው አስቀድሞ መደምሰስ ነው። መዝገቡ ሴክተሩ እስኪሞላ ጠብቆ መደምሰስ ለምን አስፈለገ? ከሚጻፍበት ሴክተር ፊት ለፊት ሁልጊዜ 16 የተደመሰሱና ምልክት ያላቸው ሴክተሮች ተዘጋጅተው ይጠብቁ። ይህ ያለ አንድም ድምሰሳ የ68 ደቂቃ ምዝገባ ይሰጣል። ማስጠንቀቂያው መናገር ሲጀምር ድምሰሳ ይቁም፤ ሲያበቃ ይቀጥል። ማስጠንቀቂያው ከአንድ ሰዓት በላይ ቢዘልቅ እንኳ በአንዱ ቋንቋና በሌላው መካከል ባለው ዝምታ አንድ ሴክተር መደምሰስ ይቻላል፤ በየአራት ደቂቃው አንድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት በደረሰው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው እንደሞተ ከተማው ያስታውሳል፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት ድምፁ የሚወጣበት ቺፕ በሌላ ሥራ ተይዞ መገኘት የለበትም።

በዚሁ ምክንያት የድምፅ ፋይሎቹ ያሉበትን የቺፑን ክፍል ከሁኔታ ቢቶቹ ጋር በቺፑ ሬጂስተር ውስጥ ባሉት የጥበቃ ቢቶች ይዝጉት፤ አንድ የተሳሳተ አድራሻ የያዘ የድምሰሳ ትእዛዝ ማስጠንቀቂያውን ራሱን እንዳያጠፋው። ለአሁኖቹ ሦስት ቦርዶች ይህ ይበቃል። ለሚቀጥሉት ግን ድምፁን በራሱ ቺፕ ላይ፣ መዝገቡን በሌላ ቺፕ ላይ ያድርጉ፤ አንድ ተጨማሪ ባለ ስምንት እግር ቺፕና አንድ የመምረጫ መስመር ነው የሚጨምረው፣ ከላይ ከጻፍኩት ጭንቀት አብዛኛውን ግን ያስቀራል።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። የድሬዳዋ ፀሐይ በብረት ሳጥን ላይ ሲያርፍ የውስጡ ሙቀት ከውጭው አየር እጅግ ይበልጣል። እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተፈቀደለት ቺፕ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ሳጥኑን ነጭ ቀብተው ጥላ ያድርጉለት፣ የጊዜ ስሌትዎንም ሁልጊዜ በከፍተኛው ቁጥር እንጂ በተለመደው አይሥሩ። ጠረጴዛ ላይ 45 ሚሊሰከንድ የፈጀው ቺፕ ከዓመታት በኋላም በዚያው ፍጥነት ይሠራል ማለት አይቻልም።

ቦርዱን ወደ ወንዙ ከመውሰድዎ በፊት ይህን ፈተና ያድርጉ። በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አማካይነት የቦርዱን ኃይል ድምሰሳ ከጀመረ በኋላ በዘፈቀደ በተመረጠ ቅጽበት፣ ከ1 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ባለው ውስጥ፣ ይቁረጡት፤ መልሰው ያብሩትና ምልክት የሌለውን ሴክተር አግኝቶ መልሶ መደምሰሱን፣ መዝገቦቹም ማመሳከሪያቸው ትክክል መሆኑን ይዩ። ይህን ቢያንስ 500 ጊዜ በራሱ እንዲደጋገም ያድርጉት፤ ካፓሲተሩን አውጥተው ይጀምሩ፣ ከዚያ አስገብተው ይድገሙት። በፈተናው መካከል ድምፁም እየተጫወተ ይሁን፤ ባፈሩ አንድ ጊዜ እንኳ ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ ቆጥሮ ያሳውቅዎ። ቁጥሩ 0 ሆኖ ካልተገኘ ቦርዱ ከጠረጴዛው አይነሣ።